የአሰልጣኙ ነው የተጫዋቾቹ?

ሰኞ ጠዋት ታክሲ የተሳፈረ ሰው ቅዳሜና እሁድ የትኛው ቡድን እንደተሸነፈ ለማወቅ ሬዲዮ መክፈት አያስፈልገውም። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ይነግሩታል። አንደኛው «ይህ አሰልጣኝ ካልተባረረ ምንም ለውጥ አይመጣም!» ይላል። ሌላው «ታዲያ አሰልጣኙ ገብቶ ኳስ ይምታላቸው? እነሱው ናቸው እንጂ!» ብሎ ይመልሳል። ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ ጣልቃ ይገባል፤ ሾፌሩ በመስታወት እያየ ይፈርዳል። «ወራጅ አለ!» እስኪባል ድረስ ማንም ማንንም አያሳምንም። በሚቀጥለው ሰኞ ሌሎች ሰዎች ካቆሙበት ይቀጥሉታል።

እኛ ቤት ግን ይህ ክርክር ሰኞን አይጠብቅም። ባለቤቴና የመጀመሪያ ልጃችን የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ናቸው። እኔ የአርሰናል ነኝ። ሴት ስለ ኳስ ምን ታውቃለች የምትሉ ካላችሁ፣ የቬንገርን የመጨረሻ ዓመታት ችሎ ያሳለፈ ሰው ስለ ኳስም ስለ ትዕግሥትም መናገር ይችላል እላለሁ። ትንሿ ልጃችን ገና ሰባት ዓመቷ ስለሆነ ያሸነፈውን ትደግፋለች፤ ከሁላችንም ደስተኛዋ እሷ ናት።

አባትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይጀምራሉ። ግብ ሲቆጠርባቸው እኩል ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ግን ሁለት ጎራ ይሆናሉ። ባለቤቴ ጥፋቱን በተጫዋቾቹ ላይ ይጥላል። «እነዚህ ልጆች ጠግበዋል። ኳስ ሲነጠቁ ተመልሰው እንኳ አይሮጡም። በፈርጉሰን ጊዜ ቢሆን እረፍት ላይ መልበሻ ክፍል ውስጥ ያልቅላቸው ነበር» ይላል። ልጃችን ደግሞ አሰልጣኙን ይከሳል። «አባዬ፣ ሰውየው የሚፈልገውን አጨዋወት የሚጫወቱለት ልጆች የሉትም እኮ። በሌለህ ነገር ለምን ትጫወታለህ? ያለህን አይተህ ነው የምታሰልፈው» ይለዋል። እራት እስኪቀርብ ይቀጥላል። አንዳንዴ እራቱ ቀርቦም ይቀጥላል።

እኔ የሂሳብ መምህርት ነኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ። ሁለቱ ስለ ማንቸስተር ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ የሚገባው ሌላ ጭቅጭቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ያኔ አገሩ ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ ከታክሲው ጥያቄ ጋር አንድ ነበር፦ የመምህሩ ነው የተማሪው? ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ «እናንተ መምህራን ምን ነካችሁ?» ተብያለሁ። በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ደግሞ «የዛሬ ልጅ ስልኩን ነው የሚያነበው» የሚለውን እሰማለሁ። ስለዚህ የእግር ኳሱን ክርክር እንደ ቀልድ ማለፍ አልቻልኩም። ሁለቱም ወገን እውነት የሚመስል ነገር እየተናገረ ለምን መቋጫ እንደማያገኝ ማወቅ ፈለግሁ። (ስለ ኳሱ ሳወራ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ከልጄ ልጀምር። አሰልጣኙ ነው ለሚለው ወገን ቼልሲን የመሰለ ምስክር የለም። በ2015 ቼልሲ በጆዜ ሞሪንሆ እየተመራ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ኤደን ሃዛርድም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ያው ቡድን 16ኛ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ይርቅ ነበር፤ ሞሪንሆም ተሰናበተ። ቡድኑ የውድድር ዓመቱን 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት አንቶኒዮ ኮንቴ መጣ። ጥቂት ሰዎች ጨመረ፣ በአርሰናል 3 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላም አሰላለፉን ወደ ሦስት ተከላካይ ቀየረ። ከዚያ 13 የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንደኛ፣ አሥረኛ፣ አንደኛ ማለት ነው፤ ያውም አብዛኞቹ ተጫዋቾች እነዚያው ሆነው።

ልጄ ሌላም ማስረጃ አለው። ስኮት ማክቶሚናይ ከልጅነቱ ጀምሮ ማንቸስተር ውስጥ ያደገ ተጫዋች ነው። በ2024 ክረምት ለናፖሊ ተሸጠ። እዚያ ያገኘው አሰልጣኝ ያው ኮንቴ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የጣሊያንን ሊግ አሸነፈ፤ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። በዚያው ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። «ታዲያ ይህ ልጅ ሰነፍ ነበር?» ይላል ልጄ። አባቱ መልስ አጥቶ ሻይ ይጠይቃል።

ባለቤቴም ግን ባዶ እጁን አይደለም። ለእሱ የሚመሰክርለት ሌስተር ሲቲ ነው። ክላውዲዮ ራኒዬሪ በ2016 ማንም ያልጠበቀውን ሌስተርን የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረገ። ዋንጫውን ካነሳ ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በየካቲት 2017፣ ቡድኑ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ከፍ ብሎ ሲንገዳገድ አባረሩት። ቦታውን የያዘው የራሱ ረዳት ክሬግ ሼክስፒር ነበር። ወዲያው ቡድኑ አምስት ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎችን አሸነፈ። «አየህ!» ይላል ባለቤቴ፣ «እግራቸው ጤነኛ ነበር። ሰውየውን ለማስባረር ነው የተኙት። ተጫዋች ካልፈለገ የትኛውም አሰልጣኝ ምንም አያመጣም!» ሞሪንሆም ከመሰናበቱ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ቡድኑ በዚያው በሌስተር 2 ለ 1 ሲረታ፣ ሥራው በተጫዋቾቹ እንደተከዳ እንደተሰማው ተናግሮ ነበር።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ሁለቱም ማስረጃ አላቸው፤ ማስረጃዎቹም እውነት ናቸው። እንደ ሂሳብ መምህርት የማየው ግን አንድ ጉድለት አለ። ሁለቱም የሚያሳዩት አሰልጣኙ ከተባረረ በኋላ የሆነውን ነው። ባይባረር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያሳይም።

ባስ ተር ዊል የሚባል ኢኮኖሚስት ይህንኑ ጥያቄ በኔዘርላንድ ሊግ ላይ አጥንቶታል። ከ1986 እስከ 2004 ያሉትን ዓመታት ነው የተመለከተው። ተከታታይ ሽንፈት ገጥሟቸው አሰልጣኝ ያባረሩትን ቡድኖች፣ ተመሳሳይ ሽንፈት ገጥሟቸው ካላባረሩት ጋር አነጻጸረ። ያባረሩት ውጤታቸው ተሻሻለ። ያላባረሩትም ተሻሻለ፤ ያውም በተመሳሳይ መጠን። ቡድን መጥፎ ወቅት ይገጥመዋል፣ ከዚያ ወደ ለመደው አቋሙ ይመለሳል። ጉንፋን የያዘው ሰው በአራተኛው ቀን ዳማከሴ ጠጥቶ በሰባተኛው ቀን ቢነሳ ምስጋናው ሁሉ ለዳማከሴው ነው። ጎረቤቱ ምንም ሳይጠጣ በሰባተኛው ቀን መነሳቱን ልብ የሚል የለም። ዳማከሴን ለማጣጣል አይደለም፤ እኔም ቤቴ በር ላይ ተክያለሁ። ግን ያዳነው እሱ መሆኑን በዚያ ብቻ ማወቅ አይቻልም ለማለት ነው።

ይህ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ የሚባረረው አሰልጣኙ ሆነ? መልሱ ከጥፋት ጋር ብዙም አይገናኝም። ሃያ አምስት ተጫዋች በአንድ ሰኞ ማባረር አይቻልም። ውል አላቸው፤ ገበያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈተው። አሰልጣኙ ግን አንድ ሰው ነው። ጠዋት ተጠርቶ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ሊሰበስብ ይችላል። አባቶቻችን «አህያውን ፈርተው ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው። ስንብቱ የሚነግረን ማንን መነካካት እንደሚቀል ነው፤ ማን እንዳጠፋ ላይነግረን ይችላል።

አንድ ሌላ ነገርም ታዘብኩ። ሰው በዚህ ክርክር የሚይዘው ወገን በራሱ ኑሮ ከተቀመጠበት ወንበር ጋር ይመሳሰላል። ባለቤቴ የግንባታ ፎርማን ነው። ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሠራተኛ ሲያስተባብር ነው፤ ሲሚንቶው ሳይቦካ ስልክ የሚያወራ፣ ሰኞ የሚቀር ሠራተኛ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ተጫዋች ሲያይ ያ ሠራተኛ ነው የሚታየው። ልጄ ደግሞ ተማሪ ነው፤ ሁልጊዜ ከላይ የሚያዘው ሰው አለ። ስለዚህ አሰልጣኝ ሲያይ የሚታየው ያልገባውን ነገር ደግሞ ሳያስረዳ «ቀጥሉ» የሚል መምህር ነው። ታክሲ ውስጥም ልብ ብላችሁ አድምጡ። አለቃ የመረረው «አሰልጣኙ ነው» ይላል፤ ሠራተኛ የመረረው «ተጫዋቾቹ ናቸው» ይላል። የሚያወሩት ስለ እንግሊዝ ነው፤ የሚተነፍሱት ግን የራሳቸውን ነው።

የእኔ ቡድን ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮኛል። ሚኬል አርቴታ አርሰናልን የያዘው በ2019 መጨረሻ ነው። በ2020 የገና ሰሞን ቡድኑ 15ኛ ነበር። በ2021 ነሐሴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አንድም ግብ ሳያገባ ተሸንፎ የደረጃው ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ በሰፈራችን ኳስ ቤት ያኔ «አርቴታ ይውጣ» የማይል አርሰናል ማግኘት ከባድ ነበር። ክለቡ አላባረረውም። ነገር ግን ዝም ብሎም አልተቀመጠም። ኦዚልና ኦባሚያንግን የመሰሉ ትልልቅ ስሞች ለቀቁ፣ ወጣቶች ገቡ። በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ቡድኑ በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ። (ሁለተኛ መውጣት ዋንጫ አይደለም እንዳትሉኝ፤ ይህን ልጄ በየሳምንቱ ይነግረኛል።)

«እንግዲያው መታገስ ነው» ብዬ እንዳልደመድም ደግሞ ማንቸስተር አለ። ኤሪክ ቴን ሃግ በ2024 የኤፍኤ ካፕን ሲያነሳ ክለቡ ታገሰው፤ ውሉንም አራዘመለት። ጥቅምት ሳያልቅ አሰናበተው። ሉዊ ቫን ሃል ግን በ2016 ያንኑ ዋንጫ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ነበር የተባረረው። ሲታገሱም አልሆነም፣ ሲያባርሩም አልሆነም።

የአገራችን ነገርም ከዚህ አይለይም። ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ አደረሰን። አገሩ በሙሉ አደባባይ ወጥቶ ስሙን ጠራ። በ2014 መጀመሪያ፣ ቡድኑ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ግብ ከተሸነፈ በኋላ፣ ተሰናበተ። ከዚያ ፖርቹጋላዊም መጣ፣ የአገር ልጆችም ተፈራረቁ። ቡድኑ ተመልሶ አፍሪካ ዋንጫ የደረሰው በውበቱ አባተ ጊዜ፣ በ2022 ካሜሩን ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ስንቶቻችን እንደጨፈርን ታስታውሳላችሁ። «በሜዳችን» የተባለው ያ ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ ውስጥ ነበር፤ የእኛ ስታዲየም መስፈርቱን ስላላሟላ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሲሸነፍ «አሰልጣኙ ነው ተጫዋቾቹ?» ብለን እንደገና ጀመርን። በ2023 ከውበቱ ጋርም ተለያየን። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት መጫወት ያልቻለ ቡድን መሆኑን ግን በክርክሩ መሐል የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ራሱ ሊቀየር ይገባዋል ያልኩት። «ማን?» ብለን ስንጀምር ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንብናል፤ የምንመርጠውም ከወንበራችን ተነስተን ነው። «መቼ ጀመረ? ያኔ ምን ተለወጠ?» ብለን ስንጀምር ግን ብዙ ነገር ይታያል።

ሌስተርን በዚህ ዓይን እዩት። ሻምፒዮን በሆነበትና በተንገዳገደበት ዓመት መካከል አሰልጣኙ ያው ነው፤ ቫርዲም ያው ነው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ኳስ እየነጠቀ ሜዳውን ሲያካልል የነበረው ንጎሎ ካንቴ ወደ ቼልሲ ሄዷል። ቼልሲ ደግሞ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። የራኒዬሪ ነው ከማለትም የተጫዋቾቹ ነው ከማለትም በፊት ይህን ማየት ያስፈልግ ነበር።

ማንቸስተርንም እንዲሁ። ከ2013 ወዲህ ሞየስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግና አሞሪም መጡ፤ በ11 ዓመት ስድስት አሰልጣኝ፣ ጊዜያዊዎቹን ሳንቆጥር። ተጫዋቾቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ተቀይረዋል። ሁለቱም እየተቀያየሩ ችግሩ ካልተቀየረ ችግሩ ከሁለቱ ውጭ ነው ማለት ነው። ባለቤቶቹ ናቸው እንዳንል የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን የገዛው በ2005 ነው፤ ፈርጉሰን ከዚያ በኋላም ዋንጫ ሰብስቧል። ታዲያ በ2013 ክረምት ምን ሆነ? ሁላችንም የምናስታውሰው ፈርጉሰን ጡረታ መውጣቱን ነው። በዚያው ክረምት ግን ተጫዋች በመግዛትና በመሸጥ ሥራ ለዓመታት አብሮት የሠራው ሥራ አስኪያጁ ዴቪድ ጊልም ለቋል። ቤቱ ዋናውን ምሰሶና ማገሩን በአንድ ጊዜ አጣ። ሊጉን በ11 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ የነበረው ቡድን በቀጣዩ ዓመት 7ኛ ወጣ። ሞየስ የስድስት ዓመት ውል ተሰጥቶት በአሥር ወሩ ሄደ። እኛም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ አሰልጣኙና ስለ ተጫዋቾቹ እንጨቃጨቃለን።

ይህን ሁሉ ባለቤቴና ልጄ አንድ ምሽት በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ከዚያም «አርሰናል ስለሆንሽ ነው» አሉኝ። በዚህ እንኳ መስማማታቸው ደስ አለኝ። ጥያቄው ሥራ ላይ የዋለው ግን በየካቲት፣ የልጃችን የመንፈቅ ዓመት ካርድ ሲመጣ ነው።

ልጃችን 11ኛ ክፍል ነው። ከክፍሉ ከአምስተኛ ወርዶ የማያውቅ ልጅ 19ኛ ሆኖ መጣ። ፊዚክስ 54፣ ኬሚስትሪ 58። ቤታችን ውስጥ ወዲያው የታወቀው ጨዋታ ተጀመረ። አባት፦ «ስንፍና ነው! ረቡዕ ሌሊት ሻምፒዮንስ ሊግ እያየህ ፊዚክስ ከየት ይመጣል?» ልጅ፦ «አባዬ፣ መምህሩ አያስረዳም። ክፍሉ በሙሉ እኮ ነው የወደቀው።» አባት ተጫዋቹን ይከሳል፤ ልጅ አሰልጣኙን። ሶፋው ያው፣ ወገኑም ያው ነበር። ልዩነቱ በዚህኛው ጨዋታ የምንሸነፈው እኛው መሆናችን ነው። ልጄ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ለሁለት ቀን በደንብ አልተነጋገሩም።

እኔ የቆዩትን ካርዶች አወጣሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉትን ውጤቶች በአንድ ወረቀት ላይ፣ ትምህርቱን ወደ ታች፣ መንፈቅ ዓመቱን ወደ ጎን አድርጌ እንደ ሊግ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ውጤቱ መውረድ የጀመረው ዘንድሮ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ደረጃው ስላልተነካ ማናችንም አላየነውም። ሁለተኛ፣ የወረደው ሁሉም ትምህርት አልነበረም። ሂሳብ ባለበት ነው፣ እንግሊዝኛና ባዮሎጂ ባሉበት ናቸው። የትምህርት ክፍለ ጊዜ ድልድሉን አመጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ፊዚክስና ኬሚስትሪ በአብዛኞቹ ቀናት ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች የሚሰጡ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ምን ተለወጠ? ቤት ቀየርን። ከአፍንጮ በር የኪራይ ቤታችን ወጥተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባን። ስንት ዓመት የቆጠብንበት፣ ቁልፉን ስንቀበል ያለቀስንበት ቤት ነው። ልጃችን በእግሩ አሥር ደቂቃ የሚሄድበት ትምህርት ቤት ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ሆነ። ሲቀና አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሲከፋ ከሁለት ሰዓት በላይ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ይነሳል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ወይ አርፍዶ ይገባል ወይ ገብቶ ያንቀላፋል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በየቀኑ የምናስነሳውም እኛው ነን። ከፊዚክስ ጋር ያገናኘው ግን ማንም አልነበረም፤ እሱ ራሱም።

ወረቀቱን እራት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ባለቤቴ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው አንተ?» አለው። ከሁለት ቀን በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው፤ ድምፁ የክስ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ማንም ጥፋት የለበትም ብለን አልተቃቀፍንም። ባለቤቴ ስለ ረቡዕ ሌሊቱ ያለው እውነት ነበር፤ አሥር ሰዓት ተኩል የሚነሳ ልጅ ሰባት ሰዓት መተኛት የለበትም። ልጄ ስለ መምህሩ ያለውም ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ሳነጋግራቸው የክፍሉ ውጤት ዝቅተኛ መሆኑን፣ ምዕራፉ በጥድፊያ መሸፈኑን ራሳቸው ነገሩኝ። ግን አሁን የእያንዳንዱ ድርሻ በልኩ ታየ። መጀመሪያ «ስንፍና» ብለን ብንዘጋው ኖሮ ልጁን ከኳሱ እንከለክለውና በዚያው አሥር ሰዓት ተኩል እየቀሰቀስነው እንቀጥል ነበር። «መምህሩ ነው» ብለን ብንዘጋው ደግሞ ለአስጠኚ ገንዘብ እንከፍልና የደከመውን ልጅ ተጨማሪ ሁለት ሰዓት እናስቀምጠው ነበር። ሁለቱም አሰልጣኝ እንደ መቀየር ነው፤ አንድ ነገር እንዳደረግን እንዲሰማን ያደርጋል።

ያደረግነው ቀላል ነው፣ ግን አልቀለለንም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አፍንጮ በር አያቱ ዘንድ ያድራል፤ አርብ ማታ ይመጣል። የረቡዕ ሌሊት ኳስ በአያት ሕግ ቀረ፤ እማማ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት አይወዱም። ትንሿ ልጄ ወንድሟን ፍለጋ ክፍሉ ትገባና ባዶ አልጋ አይታ ትመለሳለች። ባለቤቴም ማታ ማታ ሶፋው ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። በዓመቱ መጨረሻ ፊዚክሱ 71 ደርሷል፤ ልጁም 9ኛ ወጥቷል። ገና ይቀረዋል። የሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል ነው፤ በዚያ 3.3 እና 5.4 በመቶ በሚባለው ወንፊት የሚያልፈው እሱ ነው፤ ስለዚህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አላጣሁም።

እግር ኳስ በአንድ ነገር ይታደላል፤ በየሳምንቱ ሰንጠረዥ ይወጣለታል። የወረደው መቼ መውረድ እንደጀመረ ሁሉም ያየዋል፤ እንዲያም ሆኖ እንሳሳታለን። ቤት ግን ሰንጠረዥ የለውም። የልጅ ውጤት፣ የሠራተኛ ትጋት፣ የትዳር ፍቅር ሲወርድ ተቀምጦ የሚያሰምርለት ሰው ያስፈልገዋል። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ብሎ መጠየቅ «ጥፋቱ የማን ነው?» ከማለት ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ደግሞም እንደ ክርክር አያሞቅም። ግን የተጠየቀው ሰው ራሱን ለመከላከል አይጣደፍም። ልጄ ስለ እንቅልፉ እውነቱን የተናገረው ካልተከሰሰ በኋላ ነው።

አሁን አባትና ልጅ አርብ ማታ ሲገናኙ የሳምንቱን ክርክር በሙሉ በአንድ ሌሊት ያወጡታል። ባለፈው አርብ ባለቤቴ «እሺ፣ ተጫዋቾቹን እንተዋቸው፤ ከየትኛው ጨዋታ ጀምሮ ነው መሐል ሜዳው የተበላሸው?» ሲል ሰማሁት። ልጄ ደነገጠ፤ እኔም ኩሽና ሆኜ ሳቄን ዋጥኩ። ወዲያው ግን «የሆነ ሆኖ ሰነፎች ናቸው!» ብሎ ጨመረበት። እንግዲህ እሱም ወደ ለመደው አቋሙ ተመለሰ።

መልካም ሰንበት።